የጣሪያውን ቁልፍ የያዘ ሰው

መስከረም 14

ለወንድሜ ለመፍቻ፣

አምላክ ከክፉ ሰው፣ ከክፉ ወሬና ከሚወላገድ መሰላል ይሰውርህ። ወገብህ እንዴት ሆነ? መፍቻ ስልህ ሚስትህ እንዳትሰማ። ግን የግድግዳውን ሰዓት ፈትተህ መግጠም ያቃተህ ቀን አባባ ያወጡልህን ስም እኔ ማን ነኝና እሽራለሁ። እኔ ከዓይኔ በስተቀር ደህና ነኝ። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ሦስቴ ስቼ በአራተኛው ነው የማገኘው፤ ደንበኞቼ ግን እስካሁን አልነቁብኝም።

አባባ ካረፉ፣ ሕንፃው ላንተ ጥበቃው ለኔ ከደረሰ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። እኔን የእህታቸውን ልጅ ምድር ቤቱ ላይ ሲያስቀምጡኝ "ስፌትሽን እየሰፋሽ በሩን ታያለሽ" ነበር ያሉኝ። በሩን እያየሁ ነው። ስድስቱም ቤቶች ተከራይተዋል። ኪራይ የሚያጓትት ፀጉር አስተካካዩ ብቻ ነው፤ እሱም በየወሩ አዲስ ምክንያት ስለሚያመጣልኝ እንደ ተረት ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። አባባ የሚሳሱለት የፊት ለፊቱ ግድግዳ እስከ ዛሬ አንድ ጠብታ አላረፈበትም። ያን ጊዜ መጥተህ ጣሪያው ላይ ታንከሩን ስትተክል፣ ሞልቶ ሲተርፍ ውሃው የሚወርድበትን ቱቦ በግድግዳው ውስጥ አሳልፈህ በቀጥታ ፍሳሹ ውስጥ ማስገባትህን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያደንቃል።

የጻፍኩበት ጉዳይ ውሃ ነው። ሕንፃው ያለው አንድ ቆጣሪ መሆኑን ታውቃለህ። አባባ ከመጀመሪያው "ውሃው በኪራዩ ውስጥ ነው" ስላሉ ሂሳቡን የምንከፍለው እኛ ነን። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ሂሳቡ ሦስት እጥፍ ሆኖ መጣ። የተሳሳቱ መስሎኝ ሄጄ ተጨቃጨቅሁ፤ ቆጣሪው ልክ ነው ብለው መለሱኝ። ወረቀቶቹን አብሬ ልኬልሃለሁ። ምን እንደማደርግ ጻፍልኝ፤ ለዚህ ወር መክፈያም ብትልክልኝ።

እህትህ


ጥቅምት 20

ለእትዬ፣

ፈጣሪ እጅዎን ከመርፌ፣ ልብዎን ከሐሳብ ይጠብቅልኝ። ወገቤ እንደ ሥራው ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ማጠቢያ ሥር ተኝቼ ቧንቧ ስፈታ ውዬ፣ ቤቴ ስገባ ሚስቴ ቆሜ እንድበላ ትፈቅድልኛለች። ገንዘቡን ልኬያለሁ። ለመነጽር የሚሆን ጨምሬያለሁና እባክዎን ለመነጽር ያውሉት፤ ደግሞ ለግድግዳ ቀለም ያዋሉት እንደሆነ እቀየማለሁ።

ስለ ውሃው ደጋግሜ አሰብኩበት። እኔ እዚህ ሰው አገር ተከራይ ነኝ። እጄን ስታጠብ ቆጣሪ ይቆጥርብኛል፤ ስለዚህ ሳሙና እስክቀባ ድረስ ቧንቧውን እዘጋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፣ ሂሳቡ ነው ያስተማረኝ። ነፃ ውሃ የማንም አይደለም፤ የማንም ያልሆነ ነገር ደግሞ ሲፈስ የሚዘጋው የለም። የአባባ ደግነት ለአባባ ያምርባቸው ነበር። እኔ ያን ያህል አቅም የለኝም። ከዚህ በኋላ ውሃውን ተከራዮቹ ይክፈሉ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው አረፋ አለች። አባባ አረፋ እያሉ ያቆላምጧት ነበር እንጂ ሥራዋ የሰው ልብስ ማጠብ ነው። በኛ ውሃ ነው የምትነግደው። ግማሹን እሷ ትክፈል፣ ግማሹን አምስቱ ይካፈሉት። ካልተስማማች ቤቱን ትልቀቅ።

ታንከሩን ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ። አባባ ሲታመሙ አልነበርኩም፣ ሲቀበሩም አልደረስኩም። ለአባቴ በገዛ እጄ ያደረግሁላቸው ያንን ታንከር ብቻ ነው። እሱ በደህና መሥራቱን ስሰማ ትንሽ ይቀለኛል።

ወንድምዎ


ኅዳር 29

ለመፍቻ፣

ሰላምታዬ ከነቤተሰብህ ይድረስህ፤ ልጆችህን በየተራ ሳምልኝ፣ ትንሿን ሁለቴ። መልሴ የዘገየው በስንፍና አይደለም። ደብዳቤህን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ አሥር ቀን ስዞረው ነበር።

ያልከውን አደረግሁ። ሁሉንም ደረጃው ላይ ሰብስቤ ነገርኳቸው። ፀጉር አስተካካዩ የሱ ሙያ የውሃ ሳይሆን የመቀስ መሆኑን አስረድቶ፣ በሰው ቁጥር የሚካፈል ከሆነ መላጣ ተከራይ በግማሽ ይታሰብለት ወይ ብሎ ሁሉን አሳቀ። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ ተከራይ የሚዘጋው የገዛ ቤቱን ቧንቧ ነው። ከዚያ ውጪ ያለው ቢያፈስ አያየው፣ ቢያየው አይነካው። የጣሪያው ቁልፍ በማን እጅ ነው? የጣሪያውን ቁልፍ የያዘ ሰው ይክፈል።" ቁልፉ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። ሁሉም ወደ ኪሴ አዩ። እኔ ምን ልበል? "ወንድሜ እንዲህ ብሏል" ብዬ ተገላገልኩ።

አረፋ ሰው እስኪሄድ ጠበቀች። ሁሉም ሲበተን ወደኔ መጥታ፣ የምትቀዳው በባልዲ ስለሆነ ባልዲዋን እንደምታውቅ፣ ብዙ ሥራ ባለበት ቀን ከአሥራ አንድ ባልዲ አልፋ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ሌላም ነገር ብላኛለች፤ እሱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ይልቅ ልጠይቅህ። ይህቺ ሴት አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ኖራለች። አባባ በመጨረሻው አራት ወር ከአልጋ ሳይነሱ ሲቀሩ በየቀኑ ሁለት አንሶላ የምታጥብላቸው እሷ ነበረች። ሳንቲም አልተቀበለችም። ልከፍላት ስል "አንሶላ እኮ ነው" ብላ ሳፋዋን ይዛ ወጣች። ሥራዋ ውሃና የጣሪያ ገመድ ይፈልጋል፤ ሁለቱንም የሚሰጣት አከራይ በቀላሉ አታገኝም። ግማሹን ክፈይ ማለት ውጪ ማለት ነው። እስቲ እንደገና አስብበት።

መነጽሩን ገዝቻለሁ። አሁን የስፌቴን ስህተት ሁሉ አየዋለሁ፤ ባላየው ይሻል ነበር።

እህትህ


ታኅሣሥ 25

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ደህና ነን።

ሌላ ወረቀት ደግሞ መጣልኝ፣ ካለፈው የባሰ። እንደገና አስብ ካሉኝ፣ እንደገና አስቤ እዚያው ላይ ደረስኩ። የተጠቀመ ይክፈል። ጡረተኛው ሰውዬ ቁልፉን ከፈለጉ ሂሳቡንም አብረው ይውሰዱ።

የአንሶላውን ነገር ባይጽፉልኝ ጥሩ ነበር። እዚያ አለመኖሬን ማንም እንዲያስታውሰኝ አልፈልግም፣ ሁልጊዜ አስታውሰዋለሁ። ለአንሶላው ስመጣ በእግሬ ሄጄ አመሰግናታለሁ። ውሃ ግን ውሃ ነው። እስከ ጥር መጨረሻ ድርሻዋን ትክፈል ወይም ትልቀቅ።

ልጆቹ ሰላም ይሉዎታል።

ወንድምዎ


የካቲት 18

ለመፍቻ፣

በያለህበት ሰላም ሁን።

አረፋ ወጣች። የሁለት ወር ድርሻዋን፣ አንተ ያልከውን ግማሽ፣ ምንም ሳታጎድል ከፈለችኝ። ሦስተኛውን ግን አልቻለችም። ትልቁን ሳፋ ለፀጉር አስተካካዩ ሸጠችለት፤ ምን እንደሚያደርግበት አላውቅም፣ እሱም የሚያውቅ አልመሰለኝም፣ ገዛት እንጂ። ገመዷን ከጣሪያው ላይ ራሷ ፈትታ ጠቅልላ ወሰደች። ቤቱን ጠርጋ፣ ወለሉን ወልውላ፣ ቁልፉን ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። የተወለወለው ወለል እስኪደርቅ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ ዝናብ አወራን። ከዚያ ሄደች።

የምልህ ይኸው ነው። በዚህ ወር ገንዘብ አትላክልኝ፣ አያስፈልገኝም።

እህትህ


መጋቢት 25

ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? የእርስዎ ደብዳቤ እንደዚያ አጭር ሆኖ አያውቅም። ታመው ይሆን እያልኩ ሚስቴን አስጨነቅኋት።

አረፋ በሰላም መሄዷ መልካም ነው። የአዲሱ ወር የውሃ ወረቀት ግን አልደረሰኝም። አሁን እሷ ከሄደች ስንት መጣ? ለማወቅ ያህል ነው። ቤቱንስ የሚከራይ ተገኘ? ምንም ቢሆን ይጻፉልኝ። ዝም ሲሉኝ ክፉ ክፉው ይታየኛል።

ወንድምዎ


ሚያዝያ 22

ለመፍቻ፣

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለህ አንብበው። ማንም አልሞተም፣ እኔም አልታመምኩም። አምላክ ትዕግሥት ይስጥህ፣ ለኔም ይቅርታህን።

ወረቀቱን ያልላክሁልህ ሂሳቡ ስላልቀነሰ ነው። አረፋ ሄዳ፣ ቤቷ ባዶ ሆኖ፣ አንድ ባልዲ ሳይቀዳ ያው መጣ። እንዲያውም በለጠ።

ባዶውን ቤቷን ላናፍስ ገባሁ። ቀን ነበር፣ ሁሉም በየሥራው ሄዷል፣ ሕንፃው ጭር ብሏል። ግድግዳው ውስጥ ውሃ ይሄዳል። ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁት፤ ሳያቋርጥ ይሄዳል። ጡረተኛውን ጠርቼ ቁልፉን ይዘን ጣሪያ ወጣን። የታንከሩን ክዳን ሲያነሱት፣ ውሃው ሲሞላ መግቢያውን የምትዘጋው ኳስ ጎማዋ አልቆ አትዘጋም። ታንከሩ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ትርፉ ባንተ ቱቦ በኩል በግድግዳው ውስጥ ወደ ፍሳሹ ይወርዳል። ስንት ወር ማንም ሳያየው እንደዚያ ወርዷል። ጡረተኛው ክዳኑን መለሱና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ደረጃውን ወረዱ። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የከፋውን ልንገርህ። ኅዳር ላይ "ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ" ያልኩህ ይህንኑ ነው። አረፋ ያን ቀን ያለችኝ፣ "ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ግድግዳዬ ውስጥ ውሃ ይሄዳል። እባክሽ ጣሪያው ይታይ" ነበር። እኔም፣ "እሱን የገጠመው ወንድሜ ነው፣ የሱ እጅ አያፈስም" አልኳት። አየችኝና ወደ ቤቷ ወጣች።

ቁልፉ እኮ ኪሴ ውስጥ ነበር። አራት ፎቅ መውጣት ነው። ያልወጣሁት ስላላመንኳት አይደለም፤ እውነት ቢሆንስ ብዬ ፈርቼ ነው። ለአባቴ ያደረግሁላቸው እሱን ብቻ ነው ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ያን አንድ ነገር እንዴት ላበላሽብህ? እሱም ተበላሽቷል ብዬ በምን እጄ ልጻፍ? ይሉኝታ ያዘኝ። ላንተ ስሳሳ እሷን ገፋኋት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔ ዝምታ ግን ነቀዘ።

ጎማው ተቀይሯል። ለካ ዋጋው ከአንድ የሸሚዝ ቁልፍ አይበልጥም።

እህትህ


ግንቦት 15

ለእትዬ፣

ደብዳቤዎን መኪናዬ ውስጥ ነው ያነበብኩት። ወደ ሥራ መግባት አቅቶኝ ወገቤን አመመኝ ብዬ ተመለስኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወገቤ ሳያመኝ ነው እንዲህ ያልኩት።

ይቅርታ አይጠይቁኝ። በዚህ ጥፋት እርስዎ ከኔ በኋላ ነዎት። በሙያችን የመጀመሪያው ቀን የሚያስተምሩን ነገር አለ። የትርፍ ውሃ ቱቦ ጫፉ ሰው በሚያየው ቦታ ይውጣ ይላሉ። ግድግዳ ላይ ይንጠባጠብ፣ ያስጠላ፣ ያበላሽ፣ አላፊ አግዳሚው "ኧረ ውሃችሁ እየፈሰሰ ነው" ብሎ ይጩህ። የሚወጣው ለዚያ ነው። እዚህ ሃያ ዓመት ስሠራ አንድም ቀን ደብቄው አላውቅም፤ ለማላውቀው ሰው ቤት እንኳ።

ያን ጊዜ ግን አባባ ከታች ቆመው ወደ ላይ እያዩ "ግድግዳዬን እንዳታበላሽብኝ" አሉኝ። ገና ቀለም አስቀብተው ነበር። ላስረዳቸው እችል ነበር። ግን በሁለተኛው ቀን እመለሳለሁ፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ ደግሜ እንደማላያቸው ልቤ ያውቃል። አባቴን እምቢ ብዬ መሄድ አልፈለግሁም። ግድግዳውን ሰብሬ ቱቦውን ቀበርኩት፣ መልሼ ለሰንኩት። "ጎበዝ፣ መፍቻ" አሉኝ። ከሳቸው አፍ የሰማሁት የመጨረሻው ምስጋና እሱ ነው። አረፋ ስትከፍል የነበረው የዚያን ምስጋና ዋጋ ነው፣ እትዬ።

የተጠቀመ ይክፈል ብዬ ነበር። ማን ነው የተጠቀመው? እኔ እዚህ ተከራይ ሆኜ ቧንቧዬ ቢያፈስ አከራዬን ጠርቼ እጮኻለሁ፣ እስኪሠራ ሂሳቡን አልከፍልም። ለራሴ የማውቀውን ለሷ እንዴት አጣሁት? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

እባክዎን ይፈልጓት። የከፈለችውን የሁለት ወር ድርሻ የሚመልስ ገንዘብ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፣ የሌሎቹም ድርሻ አብሮ ተልኳል። ለሷ የጻፍኩት ወረቀት አለ። ቤቷን ለማንም አያከራዩ። ትመለስ፣ ያለ ኪራይም ቢሆን ትመለስ። ቱቦውንም አስቆርጠው ወደ ውጪ ያስወጡልኝ፤ በፊት ለፊቱ ግድግዳ፣ ከበሩ በላይ።

ወንድምዎ


ሐምሌ 30

ለመፍቻ፣

ጤና ይስጥህ፣ እንቅልፍም ይስጥህ። ደብዳቤህ ደርሶኝ ወር ተኩል መዘግየቴ እሷን ስፈልግ ነው። የድሮ ደንበኞቿን አንድ በአንድ ስጠይቅ ከርሜ በመጨረሻ ያገኘልኝ ፀጉር አስተካካዩ ነው። ወንበሩ ላይ ለሚቀመጠው ሰው ሁሉ ሲያወራ አንዱ አውቃታለሁ አለው።

የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ተቀጥራለች። ምድር ቤት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። የሚያጥበው ማሽን ነው፤ እሷ አንሶላ እያጠፈች ትደረድራለች። መጀመሪያ ያየሁት እጇን ነው። ሁልጊዜ ርሶ የተጨማደደ ነበር፣ አሁን ደርቋል። የምትኖረው ከሌሎች ሦስት ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ነው።

ወረቀትህን ቆማ አነበበች። አንብባ ስትጨርስ እንደ አንሶላዎቹ በአራት አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ገንዘቡንም "የከፈልኩት ነው" ብላ ቆጥራ ተቀበለች። ደስ አለኝ፣ ነገሩ የተቃና መሰለኝ። ቤትሽ ባዶውን እየጠበቀሽ ነው፣ ኪራይም አትከፍይም፣ ገመድሽን ይዘሽ ነይ አልኳት። ለመንኳት፣ መፍቻ። እጇን ይዤ ለመንኳት። አልተቆጣችም። እንዲህ አለችኝ፦

"ለሱ አዝኛለሁ፣ አባቱን ብሎ ነው፣ ደግሞ ሩቅ ነው። አንቺ ግን ቅርብ ነበርሽ። ነግሬሽ ሰምተሽኛል። ቤቱን የለቀቅሁት ውሃ ተወዶብኝ አይደለም።"

ከዚያ ማሽኑ ጮኸና ልታወጣ ሄደች። ጠበቅኋት። ሌላ አንሶላ መጣ፣ ሌላም መጣ። እኔም ሁለት ሦስት አጠፍኩላት፤ የኔን መልሳ ፈትታ እንደገና አጠፈችው። የቱቦውን ነገር ከወረቀትህ አንብባ ኖሮ ስወጣ "ግድግዳው ቆሸሸ?" ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። "አባባ ባያዩት ይሻላል" አለች፤ ፈገግ ያለች መሰለኝ።

በእውነትም ቆሽሿል። ቱቦው ከበሩ በላይ ወጥቷል። ሠራተኛው ሲሞክረው የወረደው ውሃ የአባባን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች አስምሮበታል። ቀለም አላስቀባሁትም፣ አላስቀባውምም። አሁን አንድ ጠብታ ከወረደ ከመንገድ ማዶ ያለው ባለሱቅ ሳይቀር ይጮህብኛል። የጣሪያውንም ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ መግቢያው ላይ ሁሉም በሚያየው ሚስማር ሰቅዬዋለሁ። ጡረተኛው በየሳምንቱ ወስደው ወጥተው ያያሉ።

ቤቱን እስከ ዛሬ አላከራየሁም ነበር። ትመጣለች ብዬ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና እል ነበር። ትናንት አንዲት አስተማሪ መጣች፣ ከባሏ ጋር። ክፍሎቹን አየች፣ መስኮቱን ከፍታ ዘጋች፣ ከዚያ "የውሃው ሂሳብ በማን ነው?" አለችኝ።

"በኛ ነው" አልኳት።

እሷ እሺ ብላ ኪራዩን ጠየቀችኝ፤ እኔ ግን ግድግዳውን ተደገፍኩ። ሁለት ቃል ናት እኮ፣ መፍቻ። ኅዳር ላይ ደረጃው ላይ ቆሜ ብያት ቢሆን አረፋ ዛሬ ከላዬ ሳፋዋን ስትጎትት እሰማ ነበር። አስተማሪዋ ያመመኝ መስሏት ወንበር አመጣችልኝ።

ለነሱ አከራየሁት።

እህትህ